ለደጋ ቤት ፍሪጅ ሲመረጥ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

ደብረ ታቦር ላይ «ፍሪጅ ልገዛ ነው» ያለ ሰው ምክር ከማግኘቱ በፊት ቀልድ ያገኛል። «አገሩ ራሱ ፍሪጅ አይደል ወይ? ገንዘብህን ምን አስጠላህ!» ይሉታል። ቀልዱ ያለ ነገር አልመጣም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አጠገቧ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ነፋሱን ይለቅባታል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ቀኑም ቢሆን ጋቢ አያስጥልም።

ይሁንና 10 ዲግሪና 4 ዲግሪ አንድ አይደሉም። ወተትና ሥጋ የሚያበላሹት ተሕዋስያን በ10 ዲግሪ ይዘገያሉ እንጂ ሥራ አያቆሙም። ቀን ላይ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲመታው ደግሞ ያው ብርዳም ቤት 20 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ብርዱ ፍሪጅን አይተካም። ብርዱ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ የምትገዙትን የፍሪጅ ዓይነት ይለውጣል። ባሕር ዳር ወይም ወረታ ላይ አንጀት የሚያርስ ፍሪጅ ደብረ ታቦር ወይም ነፋስ መውጫ ሲደርስ አመሉ ሊለወጥ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም፤ ስለ በሩ ቀለምና ስለ መብራቱ ድምቀት ግን እስኪበቃችሁ ይነግሯችኋል። ዛሬ እኛ በቀረው ላይ እንነጋገር።

በየዓመቱ ብርዱ ሲጠና የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ታችኛው ክፍል ደህና ያቀዘቅዛል፤ ላይ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ግን ይለሰልሳል። ሠሪ ጠርተን ጋዝ አስሞላን፤ ያው ነው» የሚል። ጋዙ ከመጀመሪያውም ላይጎድል ይችላል። እስቲ በቁጥር እንየው። ባለ ሁለት በር ከሆኑት ፍሪጆች አብዛኞቹ ያላቸው ሞተር አንድ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኮምፕሬሰር የሚሉት ማለት ነው። ሞተሩን ተነሣ፣ ረፍ እያለ የሚያዘው ቴርሞስታት ነው፤ እሱም በብዙዎቹ አንድ ብቻ ሲሆን የሚያዳምጠው የታችኛውን ክፍል ነው። ታችኛው ክፍል 4 ዲግሪ፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 እንዲሆን ይፈለጋል እንበል። ቤቱ 30 ዲግሪ በሆነበት አገር በታችኛው ክፍልና በቤቱ መካከል ያለው ልዩነት 26 ነው፤ በፍሪዘሩና በቤቱ መካከል ያለው 48። ፍሪዘሩን የሚገፋው ሙቀት ታችኛውን ከሚገፋው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ፋብሪካው ሞተሩን ያመጣጠነው በዚህ ሒሳብ ነው።

አሁን ያንኑ ፍሪጅ የታኅሣሥ ሌሊት 10 ዲግሪ የሆነ ሳሎን ውስጥ አቁሙት። የታችኛው ልዩነት 6 ብቻ ሆነ። የፍሪዘሩ ግን አሁንም 28 ነው፤ አራት እጥፍ ተኩል አለፈ። ታችኛው ክፍል ስላልሞቀ ቴርሞስታቱ ሞተሩን የሚቀሰቅስበት ምክንያት የለውም። ሞተሩ ለጥ ብሎ በተኛ ቁጥር ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ቀስ እያለ ይላላል። ጠዋት እሳት ሲነድ፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ፣ ቤቱ ሞቅ ሲል ሞተሩ ይነሣና ሁሉም ተመልሶ ይረጋል። እናንተ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ስትከፍቱት ድንጋይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሌሊት መላላቱን የሚናገር ነገር የለም።

የሚናገር ነገር ግን ማድረግ ይቻላል። በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውኃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ውኃው በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡና ተዉት። ከሳምንት በኋላ ሳንቲሙ እንዳስቀመጣችሁት ላዩ ላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም። ወደ ኩባያው ወገብ ሰምጦ፣ በላዩም በረዶ ሠርቶበት ካገኛችሁት ግን አንድ ሌሊት ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል ማለት ነው። ሥጋውም እንዲሁ ሆኗል። ይህ ዘዴ መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ቤት ላልነበራችሁባቸው ቀናትም ይሠራል።

ታዲያ ሲገዛ ምን ይታያል? ከፍሪጁ ጀርባ፣ ወይም በሩ ሲከፈት በውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ትንሽ የመረጃ ሰሌዳ ተለጥፏል። ሻጩን «ይቅርታ ወንድሜ፣ ትንሽ አዙርልኝ» በሉት፤ አትፍሩ። ሰሌዳው ላይ ፍሪጁ ለየትኛው አየር እንደተሠራ የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። «ቲ» ብቻ ከሆነ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ለሚሆን ክፍል፣ «ኤስ ቲ» ከሆነ ከ16 እስከ 38፣ «ኤን» ብቻ ከሆነ ከ16 እስከ 32 የተሠራ ነው። ሦስቱም ከ16 በታች ዋስትና አይሰጡም። «ኤስ ኤን» የሚለው ነው እስከ 10 ዲግሪ የሚወርደው። አንዳንዱ ላይ «ኤስ ኤን ሰረዝ ቲ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ከ10 እስከ 43 ድረስ ይሠራል ማለት ስለሆነ ለእኛ ቤት ከሁሉ ይሻላል። ለሞቃት አገር ገበያ የተሠራ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ «ቲ» ወይም «ኤስ ቲ» የሚል ነው፤ ስለዚህ ሰሌዳውን ሳታነቡ አትመኑ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፍሪጁ የሚቆምበትን ክፍል በተራ ቴርሞሜትር ለኩት። ከ16 የማይወርድ ቤት ካላችሁ በዚህ ነገር ራስ ምታት አይያዛችሁ።

«ኤስ ኤን» ያለው ካልተገኘስ? ለሁለቱ ክፍሎች ለየብቻ ሴንሰር ያለውን ጠይቁ፤ ፍሪዘሩ የራሱን ሙቀት ራሱ ይናገራል። አንዳንድ ሞዴሎች ውስጥ ደግሞ ለብርድ ጊዜ የምትበራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ታችኛውን ክፍል በጥቂቱ አሙቃ ሞተሩን ታታልለዋለች። ይህም ከሌለ ቦታውን ምረጡ። በእኛ አካባቢ ማድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ተለይቶ የሚሠራ ነው፤ ሌሊት ቀዝቃዛ፣ ቀን ጭስ የሞላበት። ፍሪጅ እዚያ አይግባ። ሳሎን ውስጥ፣ ሰው በሚያድርበት ክፍል ግድግዳ በኩል ቢቆም ይሻለዋል።

መቼም ሳሎን ከገባ ዳንቴል ይለብሳል፤ አናቱ ላይም የአበባ ማስቀመጫ ይወጣል። እሱስ ይሁን፣ የእናቶቻችን እጅ ሥራ ነው። ነገር ግን ጨርቁ ከኋላ ተንጠልጥሎ ሙቀት የሚወጣበትን ቦታ እንዳይሸፍን። ከታች የመጣበትን ነጭ ፎም ደግሞ አውጡት፤ «ወለሉ እንዳይነካው» ተብሎ የሚተው ቤት አለ።

አሁን ከብርዱ ወደ ከፍታው እንሂድ። ደብረ ታቦር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ግፊት ሦስት አራተኛ እንኳን አይሞላም። ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ፍሪጁን ከግድግዳ ጋር አታጣብቁት፤ ከኋላው የእጅ መዳፍ የሚያስገባ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይኑር። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው ቴርሞስታት ውስጥ ጋዝ የያዘች ቀጭን ቱቦ አለች። የጋዙ ግፊት ከውጪው አየር ጋር እየተገፋፋ ነው ሞተሩን የሚያበራው የሚያጠፋው። የውጪው አየር ሲሳሳ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቆይቶ፣ ይበልጥ ቀዝቅዞ ነው የሚጠፋው። ፋብሪካው «3» ላይ አድርጉት ያለውን እዚህ «3» ላይ ብታደርጉት ሰላጣችሁ በረዶ ሊሆን ይችላል። በ«2» ጀምሩና አንድ ብርጭቆ ውኃ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አኑሩ፤ ጠዋት ቴርሞሜትር ከትታችሁ 4 ዲግሪ ገደማ መሆኑን እዩ። ከፍታው ወደ ብርድ ሲገፋ፣ ቀዝቃዛው ቤት ሞተሩን ሲያስተኛ፣ አንዱ የሌላውን ጥፋት በከፊል ያርማል። በዕድል መተማመን ግን ሥጋ ያስጥላል፤ መለካት ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ተመልሰናል። ቀጥሎ መብራት። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋዋት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። አገር የሚያኮራ ቁጥር ነው። የእናንተን ፍሪጅ የሚያኖረው ወይም የሚያቃጥለው ግን ከሰፈራችሁ ትራንስፎርመር እስከ ቆጣሪያችሁ የተዘረጋው ሽቦ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ መስመር ላይ አምስት ቤት ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ሲደበዝዝ ታያላችሁ። ከ220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ተራው የፍሪጅ ሞተር ለመነሣት ይታገላል፤ መነሣት ሲያቅተው ያጓራል፣ ይሞቃል፣ የሽቦ ጥቅሉም ይቃጠላል። አምፖሉ ብቻ የደበዘዘ መስሏችሁ ዝም ትላላችሁ።

ከዚህ የባሰው መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ነው። ሞተሩ ሲቆም በቱቦው አንድ ወገን የታመቀው ጋዝ ወደ ሌላው ወገን ተመልሶ እስኪመጣጠን ድረስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ኃይል ከመጣ ሞተሩ የታመቀውን ጋዝ ተጋፍቶ ሊነሣ ይሞክራል። ስለዚህ ከፍሪጁ ጋር የሚገዛው የመጀመሪያ ዕቃ ስታብላይዘር ነው፤ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ ያለበት ይሁን። ለተራ የቤት ፍሪጅ 1,000 ቮልት አምፔር የሚል በቂ ነው። ይህን አቅሙ ያልፈቀደለት ሰው መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀል፤ መብራቱ ተመልሶ 5 ደቂቃ ከረጋ በኋላ ይሰካ። ፍሪጁንና ምጣዱን ግን በአንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። ይህን ስል «እኛ ስንት ዓመት እንዲሁ ስንጠቀም» የሚሉ አባት አይጠፉም። አባቴ፣ ዲቫይደሩን ነካ አድርገው ይዩት፤ ከሞቀ መልሱን ራሱ ነግሮዎታል።

«ኢንቨርተር» የሚባለውስ? ይህ ሞተሩ እንደ ፍላጎቱ ፍጥነቱን የሚቀንስና የሚጨምር ነው። ሲነሣ አይገፋተርም፤ ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅም ከተራው የተሻለ ይችላል። ሻጮች የሚያወድሱት ግን ኃይል ስለሚቆጥብ ነው፤ እዚህ ላይ እኔ ትንሽ ቆም እላለሁ። ፍሪጅ ኃይል የሚበላው ቤቱ ሲሞቅ ነው። በእኛ ብርድ ተራውም ፍሪጅ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ይበላል፤ ስለዚህ ሞቃቱ ሁመራ ያለ ሰው ከኢንቨርተር የሚያተርፈውን ያህል ብርዳሙ ጋሳይ ያለው አያተርፍም። በዚያ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አለው፤ ቦርዱ ሲቃጠል መለዋወጫው እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ። የሰፈራችሁ መብራት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነና ቦርዱን የሚያውቅ ጠጋኝ በአቅራቢያችሁ ካለ ግዙት። ለፍጆታው ብቻ ብላችሁ ከሆነ ግን ብዙ ጭማሪ አትክፈሉ።

ፍጆታውን ራሳችሁ አስሉት። ሰሌዳው የዓመት ፍጆታ ከሰጣችሁ በ365 አካፍሉት። በቀን 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ከመጣ በሳምንት 5.6፣ በወር 24 ይሆናል። 3 ተኩል ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ከነደደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። አንድ የእንጀራ ጋገራ የፍሪጁን የሳምንት ፍጆታ ያህላል ማለት ነው። የመብራት ክፍያ በእርከን ስለሆነና ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚወጣ፣ ቆጣሪው ሮጠ ብላችሁ ፍሪጁን ከማጥፋታችሁ በፊት ወደ ምጣዱ ተመልከቱ።

መጠኑን በተመለከተ ሰው የሚሳሳተው ለፋሲካ ብሎ ሲገዛ ነው። ረቡዕና ዓርብን ከሁዳዴው 55 ቀን፣ ከነቢያት፣ ከሐዋርያትና ከፍልሰታ ጋር ደምሮ ለቆጠረ የዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። በጾም ፍሪጅ ውስጥ የሚገኘው ጎመን፣ የተረፈ ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍትና ውኃ ነው። ለአንድ ቀን ዶሮና ሥጋ ሲባል 400 ሊትር ገዝቶ ግማሹን ዓመት አየር ማቀዝቀዝ ምን ያደርጋል? አራት አምስት ለሆነ ቤተሰብ ከ200 እስከ 250 ሊትር ይበቃል። ብቻውን ለሚኖር መምህር ወይም የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ባለ አንድ በር፣ 100 ሊትር የሚሆነው ያንስበታል አልልም። ባዶ ቦታ ሲኖር የውኃ ጠርሙስ ደርድሩበት፤ መብራት ሲጠፋ ብርዱን ይዞ ያቆያል። ሁዳዴን ሙሉ ፍሪጄን አጠፋለሁ የሚል ካለ ደግሞ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወው፤ ዘግቶ ከሄደ ለፋሲካ ሲከፍተው የሚቀበለው ሽታ ነው።

የቅርጫው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለበዓል አንድ መደብ ሥጋ፣ በሉት 12 ኪሎ፣ ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት ቤት ይገባል። እመቤቲቱ በሁለት ፌስታል ጠቅጥቃ ፍሪዘር ትከተዋለች። ሰሌዳው ላይ ግን «በ24 ሰዓት ይህን ያህል ኪሎ» የሚል ቁጥር አለ፤ በአነስተኛ ፍሪጅ ላይ 2 ወይም 3 ኪሎ ነው። ፍሪጁ በቀን ማርጋት የሚችለው ያንን ብቻ ነው። 12 ኪሎ ሙቅ ሥጋ ሲጫንበት የጥቅሉ መካከል ሁለትና ሦስት ቀን ሳይረጋ ይቆያል፤ ውጪው ድንጋይ፣ ውስጡ ለብ ያለ። ሲቆረጥ የሚሸተው ያ መካከሉ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ብርድ በነፃ ያግዛል። ሥጋው መጀመሪያ ንጹሕ ቦታ፣ ዝንብና ድመት ከማይደርስበት ተሰቅሎ ሌሊቱን ሙቀቱ ይውጣለት። ከዚያ ለአንድ ወጥ በሚሆን መጠን፣ ሳሳ ሳሳ ተደርጎ ይከፋፈልና የሰሌዳውን ቁጥር ያህሉ ለፍሪዘር ይሰጥ። የቀረው ቋንጣ ይሁን። ቋንጣ መብራት ሄደ አልሄደ አይልም።

ፍሪዘሩ በር ላይ ያሉትን ኮከቦችም ቁጠሩ። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ነው፤ ለሳምንት ያህል ያቆያል። ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12፣ ለወር። ሦስት ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ሆኖ ለወራት ያስቀምጣል፤ አራተኛ ኮከብ ሲጨመር ከማስቀመጥ አልፎ አዲስ ሥጋ ማርጋት ይችላል ማለት ነው። በባለ አንድ በር ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሽ የበረዶ ሳጥን ብዙ ጊዜ አንድ ኮከብ ወይም ምንም የላትም። በረዶ ለመሥራት እንጂ ቅርጫ ለማኖር አትሆንም።

«ኖ ፍሮስት» ነው ወይስ በረዶ የሚሠራው የሚለው ክርክር ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ኖ ፍሮስት ማራገቢያ፣ ማሞቂያና መቆጣጠሪያ ስላለው በረዶ መፈቅፈቅ የለም፤ ሳይከደን የተቀመጠ ምግብ ግን ያደርቃል፣ የሚበላሽ ዕቃውም ይበዛል። በረዶ የሚሠራው ቀላል ነው፤ ማንኛውም ጠጋኝ ያውቀዋል፤ መብራት ሲጠፋም የተጋገረው በረዶ ብርዱን ያቆይለታል። በየወሩ ማቅለጥ ለማይሰለቸው ቤት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በረዶውን ግን በቢላ አትፈቅፍቁ፤ ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፤ ጥገናውም ውድ ነው።

ስለ ጋዙ አንድ ቃል። አዲሶቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «አር 600 ኤ» የሚል ታያላችሁ። መጠኑ ጥቂት ነው፣ ለአየር ንብረትም ጉዳቱ አነስተኛ፤ ግን ተቀጣጣይ ነው። ጠጋኙ በእሳት ከመበየዱ በፊት ጋዙን ከቤት ውጪ ያስወጣ፤ መስኮትም ይከፈት። «አር 134 ኤ» የሚለው አይቀጣጠልም። ያገለገለ ፍሪጅ ስትገዙ «አር 12» የሚል ካነበባችሁ ግን በሩን ዘግታችሁ ውጡ፤ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ በመሆኑ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንዲቀር የተደረገ ነው፤ ፍሪጁም ዕድሜው ከልጆቻችሁ ይበልጣል። ሌላው ያገለገለ ፍሪጅ ፈተና የበሩ ጎማ ነው። አንድ ወረቀት በበሩ መሐል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም መጎተት ከወጣ ጎማው ሞቷል። አራቱንም ጎን ሞክሩ።

ከገዛችሁ በኋላ ጉዞ አለ። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ ዓለም በርን አልፎ ዳገት። ፍሪጁ በአይሱዙ ጭነት ላይ ቆሞ፣ በገመድ ታስሮ ይምጣ። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ በጀርባው ካስተኙት የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይፈስሳል። የግድ ተኝቶ ከመጣ አቁማችሁ አንድ ቀን ሙሉ ሳትሰኩት ጠብቁ። ጎረቤት ለምርቃት ቢመጣም፣ ልጆቹ «ይሰካ» ብለው ቢያለቅሱም። ደረሰኙን ደግሞ ከዋስትና ወረቀቱ ጋር አንድ ላይ አኑሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ደረሰኝ ከሌለ ክርክሩ የቃል ይሆናል። ዋስትናው ሞተሩን ብቻ ነው ወይስ ሁሉን፣ ሲበላሽስ ጠጋኙ ደብረ ታቦር ይመጣል ወይስ እናንተ ፍሪጁን ተሸክማችሁ ትወርዳላችሁ የሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት አስጽፉ።

ፍሪጁ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ታችኛው ክፍል 4 ሰዓት ያህል ይጸናል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24። በሩን በየ10 ደቂቃው እየከፈቱ «ቀዝቃዛ ነው አይደለም» ማለት ግን ሰዓቱን ያሳጥራል። ከጣና የመጣ ዓሣ ካለ መጀመሪያ እሱ ይብሰል፤ እርጎ ይቆይ፤ ንጥር ቅቤ፣ በርበሬና ማር ድሮም እዚያ ሊገቡ አይገባቸውም። የፋርጣ ድንችም እንዲሁ፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ጓዳ ይበቃዋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ሲጠበስ ይጠቁራል።

በመጨረሻ ኢንሱሊን ቤታቸው ለሚያስቀምጡ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በረዶ ከነካው ተመልሶ ቢቀልጥም አይሠራም። ጤና ተቋማት ክትባት የሚያስቀምጡት ለዚሁ በተሠራ ልዩ ፍሪጅ ነው፤ የቤት ፍሪጅ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ይላልና። እናንተ ግን ያላችሁ የቤት ፍሪጅ ነው። እንግዲያው መድኃኒቱ በሩ ላይ አይቀመጥ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ከኋላው ግድግዳ ጋርም አይጠጋ፤ ከፍታችን ቴርሞስታቱን ወደ ብርድ እንደሚገፋው ተነጋግረናል፣ መጀመሪያ በረዶ የሚይዘውም ያ ግድግዳ ነው። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክዳን ባለው ሣጥን፣ ከጎኑ ቴርሞሜትር። አዲስ ፍሪጅ ከሆነ ቁጥሩ ሁለት ሦስት ሌሊት ከ2 እንደማይወርድ ሳታዩ መድኃኒቱን አታስገቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦና ብሬከር እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)